ለፉትቦል የተላከ ሽማግሌ

ይህ ነገር የደረሰብን የነዳጅ ዘይት ዋጋ ጣሪያ ነክቶ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ቢፈለግ በማይገኝበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም በጠዋት የሰው በር ላይ በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ደወሉን ከመጫኔ በፊት "ሰላም ነው፣ ሁሉም ደህና ነው" ብዬ መጮኽ ያምረኛል።

በዚያ ዘመን ሁላችንም ሁለት ሁለት ሥራ ነበረን። እኔ መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን ካሉት የዘይት ኩባንያ ሕንፃዎች በአንዱ በጥገና ሠራተኛነት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ታክሲ እነዳለሁ። ቤቴ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ቴምፕል ሰፈር ውስጥ፣ አስካለ የምትባል የቤተሰብ ወዳጃችን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ናሆምን ብቻዋን ያሳደገች፣ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ሴት ናት። ጨዋታ ታውቃለች። በልጇ ጉዳይ ግን ቀልድ የለም።

ናሆም ገና ጢም ሳያወጣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የጀመረ ልጅ ነው። ከማን እንደወረሰው አናውቅም፤ አባቱም እናቱም መካከለኛ ቁመት ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያን ከእሱ ኋላ የቆመ ሰው ቅዳሴውን በጆሮው ብቻ ነው የሚከታተለው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢንጂነሪንግ እየተማረ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ፉትቦል ይጫወት ነበር። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ አይደለም፤ ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበትን ነው።

የሚጫወትበት ቦታ ኦፌንሲቭ ላይን ይባላል። መጀመሪያ ሲያስረዳኝ ግራ ገባኝ። ኳስ አይወረውርም፣ አይቀልብም፣ ይዞም አይሮጥም። ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ከኋላ ይቆማል፤ ናሆምና ጓደኞቹ ከፊት ተሰልፈው ያንን ልጅ ሊጥሉ የሚመጡትን ያግዳሉ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ታዲያ ስምህ በድምፅ ማጉያ መቼ ነው የሚጠራው ብዬ ብጠይቀው፣ ስሳሳት ብቻ ነው ብሎኝ ሳቀ።

በመጨረሻው ዓመቱ ወሬው ተለወጠ። የካናዳ ፕሮፌሽናል ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ልጆች በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። ቡድኖቹ እዚሁ ያደጉ ልጆችን የማሰለፍ ግዴታ አለባቸው። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹን የሚያሰልፉት በናሆም ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ዕድሉ ጥሩ ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀውን ጨዋታ ጋዜጣ እየገዛሁ መከታተል ጀመርኩ። አንዱ ጸሐፊ ለክብደቱ እግሩ ፈጣን ነው ይላል፣ ሌላው ክንዱ አጠር ያለ ነው ይላል። ክንዱ አጭር ነው ያለውን ሰውዬ ባገኘው አልለቀውም ነበር። ያ ልጅ እኔ ቤት ያለ መሰላል አምፖል ይቀይራል።

አስካለ ግን አልፈለገችም። አንድ ጊዜ ብቻ ሜዳ ሄዳ፣ ልጇ ከሰው ክምር ሥር ተስቦ ሲወጣ አይታ፣ ኮቷን አንስታ ወጣች። ደግሞ አንድ የዘይት ኩባንያ ናሆም እንደተመረቀ ሊቀጥረው ቃል ገብቶለት ነበር። በከተማው ባቡር፣ በሲ ትሬን ስታልፍ ያንን ሕንፃ ለአጠገቧ ሰው እያሳየች ልጄ እዚህ ሊገባ ነው ትላለች። ስለ ፉትቦል ሲነሳባት መልሷ አንድ ነው፤ "ያስተማርኩት ጭንቅላቱን ነው፣ እንዲያስመታው አይደለም።"

ሚያዝያ ላይ ከአንድ ቡድን ተደወለለት። ልንመርጥህ እንፈልጋለን፣ ግን የቢሮ ሥራ ልትይዝ እንደሆነ ሰምተናል፣ መርጠንህ ብትቀር ተራችንን በከንቱ እናጠፋለን፣ ስለዚህ ቁርጡን እስከ ሰኞ አሳውቀን አሉት። ናሆም በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ሶፋዬ ላይ ሲቀመጥ ሶፋዬም አብሮት ተጨነቀ።

"ጋሽ ሰይፉ፣ ላይክ፣ ይሄን ነገር ሪሊ እፈልገዋለሁ" አለኝ። "ባት ማሚ ካልመረቀችኝ ኖ ነው የምላቸው።"

አንጀቴን በላው። እዚህ ተወልዶ አማርኛው ግማሽ በግማሽ የሆነ ልጅ፣ እንደፈለገ መፈረም ሲችል፣ የእናቴ ምርቃት ካልተጨመረበት ይቅርብኝ ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ አትጨነቅ፣ ሽማግሌ እንልካለን አልኩት። ባለቤቴ ለአስካለ አስቀድመን እንደውልላት ብትለኝ፣ ሽማግሌ ቀጠሮ አይጠይቅም ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ሽማግሌ ሲመረጥ መቼም ከበድ ያለ ሰው ይፈለጋል። ስለዚህ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴን ለመንኳቸው። ጋሽ ደምሴ ሠርግ ላይ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ፣ ቃላቸው የሚከበር አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው የአስካለ የንስሐ አባት ሆኑ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አስካለ ከሥራ ሥራ ስለምትሮጥ ቤቷ የምትገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሺፍቷ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በረዶ እየጣለ፣ ሦስታችን በሯ ላይ ቆምን። ናሆም የሚኖረው ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ነበር፤ አምጥተነው መኪና ውስጥ እንዲጠብቅ አደረግን።

አሁን ልብ በሉ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው። ሳይደወል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። ካልጋሪ ውስጥ ደግሞ መርዶ ሲነገር ከፊት የሚቆሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው። የአስካለ እናት ደሴ ውስጥ ለወራት ታመው ነበር። ይህን ሁሉ ሦስታችንም እናውቃለን። ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

አስካለ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ በሩን ከፈተች። ጋሽ ደምሴን አየች። ቄሱን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቷ ሲለወጥ እያየሁ እንቅልፍ ነው ብዬ አለፍኩት። በደከመ ድምፅ ግቡ፣ ቁጭ በሉ አለችን። እኛ ደግሞ የሽማግሌ ወግ ነውና፣ ጉዳያችንን ሳንጨርስ አንቀመጥም፣ ቆመን እንናገራለን አልናት።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አስካለ ልጄ፣ አንቺ ጠንካራ ሴት ነሽ" ብለው ጀመሩ። "እግዚአብሔር ያመጣውን በጸጋ መቀበል ነው።"

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ማንም አልሰማም። አስካለ "እናቴን!" ብላ ጮኸች፣ ራሷንም ወደ መሬት ወረወረች። ሳሎኗ መሃል ማዕዘኑ የሾለ የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ልይዛት ብሞክር በክርኗ ደረቴን ብላኝ ግድግዳው ላይ ለጠፈችኝ። ቄሱ እጇን ያዙ፣ አመለጠቻቸው። ጋሽ ደምሴ ልጄ፣ ልጄ ከማለት በቀር አልቻሉም። አንዴ ተነስታ ደረቷን እየመታች ወደዚያ ጠረጴዛ ስትወድቅ እያየሁ፣ ዛሬ ይቺን ሴት ገደልናት አልኩ።

ናሆም ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። ያን የሚያህል ሰውነት እንዴት እንዲያ እንደሚፈጥን አላውቅም። ከኋላ አልያዛትም። በጠረጴዛውና በእሷ መሃል ገብቶ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጆቹን ከፍቶ ቆመ። ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ ይሄዳል። አትውደቂ ብሎ አልታገላትም፤ በወደቀችበት ሁሉ የምታገኘው የእሱን ደረት ሆነ። እየደበደበችው ቀስ በቀስ ደከመች። ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ አይቼው ያልገባኝ ሥራ ያኔ ገባኝ።

"ማሚ፣ ማንም አልሞተም" አላት። "ስለ ፉትቦል ነው።"

አላመነችም። የሐበሻን ጠባይ ታውቀዋለች፤ መርዶ ሲደበቅ የሚማለውን መሐላ ሁሉ ታውቀዋለች። ቄሱ በመስቀላቸው ማሉላት፣ አላመነችም። በመጨረሻ ወደ ደሴ እንድንደውል ሆነ። ውጭ አገር የምትደውልበትን የስልክ ካርድ ቁጥር የነካሁት እኔ ነኝ። ያነሳችው የእህቷ ልጅ ናት። እማማ ተኝተዋል ስትል አስካለ እንደገና ልትወድቅ ደረሰች። ቀስቅሻት፣ ድምፅዋን አሰሚኝ አለቻት። ጥቂት ቆይቶ አንድ የደከመ፣ የተቆጣ ድምፅ መጣ።

"ምነው፣ ማን ሞተ?" አሉ እናቷ።

አስካለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። አሮጊቷ እዚያ ማዶ ደግሞ በተራቸው ደንግጠው፣ ናሆም ደህና ነው ወይ፣ ምን ደብቃችሁኝ ነው እያሉ ያዋክቧታል። የስልኩ ድምፅ ጮክ ያለ ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ደህና ነው፣ ሽማግሌ ልኮብኝ ነው አለቻቸው። ማንን ሊያገባ ነው ሲሉ፣ ኧረ ሥራ ነው፣ የኳስ ሥራ ነው አለች። ኳሱን ምን የሚያደርግበት ሥራ ነው ብለው ጠየቁ።

አስካለ ቀና ብላ ልጇን አየችው። እሱ አሁንም ከጠረጴዛው ፊት ንቅንቅ አላለም። ሸሚዙ ተቀዷል፣ አገጩ ላይ ጥፍሯ ወርዶበታል።

"ኳሱን እንኳ አይነካውም እማዬ" አለች በቀስታ። "ከኋላው ያለው ሰው እንዳይመታ፣ ፊቱ ይቆምለታል።"

"ታዲያ ለዚህ ምን ሽማግሌ ያስፈልገዋል?" አሉ አሮጊቷ።

ጋሽ ደምሴ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። አስካለ ስልኩን ለልጇ ሰጠችው። ናሆም ተንበርክኮ የአያቱን ምርቃት ተቀበለ። ግማሹ እንዳልገባው ፊቱ ይናገራል፤ ግን አንዱንም አሜን አላሳለፈም። ምርቃቱ መሃል ላይ የካርዱ ደቂቃ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። ናሆም ስልኩን ይዞ እናቱን አያት።

አስካለ መዳፏን ራሱ ላይ አሳርፋ፣ እናቷ ካቆሙበት ቀጠለች። ረጅም ነበር። እኔ የያዝኩት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ "ለሰው ፊት እንደምትቆም፣ ላንተም ፊት የሚቆምልህ አይጥፋ" አለችው። አሜን ያልነው አራታችንም ነን። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ አሁንስ ትቀመጣላችሁ ወይስ ሌላ የምትገድሉት ሰው አለ አለችን።

ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ የሆነውን ነገርኳት። የእድሩን ሊቀመንበር ይዘህ፣ በጠዋት፣ ያውም ከቄስ ጋር አለችኝ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም፤ ሳቋን እስክትጨርስ መኝታ ቤት ገባች።

ናሆም ሰኞ ለቡድኑ እሺ አለ። በድራፍቱ ቀን ተራው ሲደርስ መረጡት። ሌላ ከተማ ሄዶ ዓመታት ተጫወተ፤ ክንዱ አጭር ነው የተባለውም ነገር ተረሳ። የኢንጂነሪንግ ሥራውንም በኋላ ይዞታል።

ቡድኑ ካልጋሪ በመጣ ቁጥር ከአስካለ ጋር እንሄድ ነበር። የእንግዳውን ቡድን ማሊያ ብቻዋን ለብሳ፣ በባለሜዳዎቹ ደጋፊዎች መሃል ከጎኔ ትቀመጣለች። ኳሱ በአየር ላይ ሲበር ሕዝቡ በሙሉ ብድግ ይላል፣ ዓይኑም አብሮ ይበራል። እሷ ያንን አታይም። ኳሱ ከተወረወረበት ቦታ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ከልጇ ኋላ የነበረው የሰው ልጅ ቆሞ እንደሆነ ታያለች። ቆሞ ካገኘችው ጎኔን ትጎሽመኛለች።

ስንት ሽማግልና ተቀምጬአለሁ። በትክክል ተነጋግረን፣ ተስማምተን የወጣንባቸውን ረስቻቸዋለሁ። የምወደው ያንን ያበላሸሁትን ነው።