ከሩጫው በኋላ እሰጣለሁ

ሱዳን ገዳሪፍ ያሉት ነጋዴዎቻችን ኮሚቴ ሳያቋቁሙ እንኳን ሊረዱ አልቅሰውም አያውቁ። በዚያ ክረምት አንድ የእህል መጋዘን ግድግዳ ዝናብ በልቶት፣ ሥሩ በተጠለሉት ላይ ተደረመሰ። ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አረም የመጡ ያገራችን ልጆች ነበሩ። ከፊሉ ሞተ፣ የተረፈው ሆስፒታል ገባ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የኛዎቹ ግን ሩጫ አማራቸው። ከወንበር ለመነሳት ደጋፊ የሚሹ ቦርጫሞች ለተጎጂዎች እንሮጣለን ብለው፣ ከናቴራው ነጭ ይሁን አረንጓዴ እየተባባሉ ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። ደረቱ ላይ «ከጎናችሁ ነን» ይጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከመካከላቸው ፊደል የዘለቅሁ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ኩራቴ አይጣል ነው። የምር ሯጭም እኔው ብቻ ነበርኩ።

በዋዜማው የአንዱ ቁስለኛ እህት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። የወንድሟ ደም ፈሶ አልቋል፣ የሷ አልገጠመለትም።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተን ይሞክሩት። እስከ ነገ ማታ ካላገኘ አይተርፍም አሉኝ» አለችኝ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አጠገቤ ተጎልቷል። «ደም የሰጠ ሰው እንዴት ይሮጣል? ነገ ይሰጥሻል፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አላት። ሰውየው እንኳን ስለ ደም፣ ስለ ሩጫም አያውቅ።

«ከሩጫው በኋላ እሰጣለሁ፣ እህቴ» አልኳት እኔም። ለአንደኛ የተዘጋጀው ዋንጫ አማረኝ፣ ሌላ ምን ልበል።

በማግስቱ ሮጥን። ቦርጫሞቹ ገና ከመነሻው ሳይርቁ ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፈሩና ፎቶ አንሺው ያለበት መድረሻ ላይ ወረዱ። በሆስፒታሉ በር ሳልፍ እህትየዋ ቆማለች። እጇን አነሳችልኝ። ዳር የቆመው ሰው ሯጭ የምታበረታታ መስሎት አብሯት እጁን አነሳ። እኔ ግን አውቄያለሁ። አውቄም ፍጥነት ጨመርኩ።

አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ እንደገና ንግግር። እያንዳንዱ ከርሳም ስለ ወገን ፍቅር ሳይደሰኩር አይቀመጥም፤ እኔም ዋንጫዬን ታቅፌ አጨበጭባለሁ። ሆስፒታል ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል።

ወንድምየው ተርፏል። ደም የሰጠችው በሩ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ነበረች። ኮሚቴ የጠራት የለም፣ ከናቴራም አልደረሳትም። ሰጥታ ጥቂት አረፍ አለችና ወደ ከሰል ምድጃዋ ተመለሰች።

እጅጌዬን ልሰበስብ ስል እህትየዋ «ተወው፣ ደርሶለታል» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ላብ የደረቀበትን የከናቴራዬን ደረት ትንሽ አየችው። ፊደል አልቆጠረችም።

«ምን ይላል ይሄ ጽሑፍ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔም ማንበብ አልችልም» አልኳት።