ትከሻህን አምጣ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጆቹ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው ይስቁ ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን እልጣለሁ። ዓይኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ ከድቶኛል፤ ብርሃንና ጥላ እለያለሁ እንጂ ፊት አልለይም። ሣቃቸው ደስ አለኝ። በሣቅ አርባ ዓመት እንጀራ የበላሁ ሰው ስለሆንሁ ዓይነቱን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ይኼኛው አንድ ሰው ሌላውን ሲያስመስል የሚመጣው ነው፤ መጀመሪያ «ውይ!» ይባላል፣ ከዚያ ነው የሚሣቀው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» አልኋቸው።

 የልጅ ልጄ ቤዛዊት፣ «ምንም አይደለም አባባ፣ ዝም ብሎ ቀልድ ነው» አለችኝ።

ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ። እርጅና ነው ብለው አነሡልኝ። እርጅናስ አልነበረም። ያቺን መልስ በዚያው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ እኔው ራሴ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ ጎንደር ላይ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት፣ ለማያይ ሰው።

በቴሌቪዥን ያያችሁኝ ሰዎች ደፋር እመስላችሁ ይሆናል። የለም፣ ፈሪ ነኝ። ያን ጅብ የሚፈራ ባል ሆኜ ስጫወት ከአልጋ ሥር ገብቼ ያንቀጠቀጠኝን አይታችሁ «ወይ ችሎታ!» ያላችሁ፣ ችሎታ አይደለም፤ እንዲያው ነኝ። ግን በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ የፈራሁበት ቀን የለም።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከድብ ባሕር በእግሬ መጥቼ ቁስቋም ከተማሪዎቹ ጎጆ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የምማረው አቋቋም ነው፤ ማኅሌት ሲቆም መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚመታ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚወዛወዝ። መምህራችን የኔታ ላቀው በሰባት ዓመታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። አያዩም፤ ግን አርባ ተማሪ ተሰልፎ ሲያሸበሽብ አንዱ መቋሚያውን ካሳሳተ በስሙ ጠርተው ይገሥጹታል። «አድማሱ! ግራህ ዘገየ!» አድማሱ እንግዲህ እኔ ነኝ።

የኔታ ከቦታ ቦታ ሲሄዱ የአንድ ተማሪ ትከሻ ይይዛሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ትከሻ የእኔ ነበር። ማለዳ ከጎጆዬ ደጅ ቆመው «ትከሻህን አምጣ!» ይላሉ፤ እኔም ደበሎዬን አጥልቄ እወጣለሁ። እግረ መንገዴን ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ገብሱ ማሸቱን፣ የማን አጥር እንደፈረሰ፣ ማን አዲስ ጥበብ እንደለበሰች። «ሸጋ ነው፣ ቀጥል» ይሉኛል። እሳቸው ደግሞ ለሌላው ያልነገሩትን ዜማ በጆሮዬ ያፈሱልኛል። ሌላው ተማሪ ይቀናብኝ ነበር፣ በተለይ ጎጆ የምንጋራው መኳንንት።

በግንቦት ሊያስመሰክሩኝ ነበር። ማስመስከር ማለት መምህር በጉባኤ ፊት ቆሞ «ይህ ልጅ አውቋል» ማለቱ ነው። ያ ቃል ካልተሰጠህ ስድስት ዓመት የለመንኸው ቁራሽ፣ የቆረጠህ ብርድ፣ ሁሉም ውኃ በላው። አባቴ የድብ ባሕር ቄስ ናቸው፤ ደብራቸው መሪጌታ አጥታ ስለኖረች «ልጄ ሊመጣልን ነው» እያሉ በየገበያው አውርተዋል። ሳይመሰከርልኝ እዚያ ቤት ደጅ ከምቆም ሊማሊሞ ገደል ብገባ እመርጥ ነበር።

የኔታ ደግሞ ግዝታቸው ይፈራል። ከእኛ በፊት አንድ ተማሪ ቢያሾፍባቸው ገዝተውት አፉ ተጣሞ ቀረ ይባላል። ያንን የተጣመ አፍ ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ያኔ ግን ማየት አላስፈለገኝም፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የራሴን አፍ እዳስስ ነበር።

እንዴት ጥፋቱ ውስጥ እንደገባሁ ልንገራችሁ። የቁስቋም በዓል እንዳለፈ፣ በኅዳር፣ ተስቦ ገብቷል ተባለና ከከተማ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት መሆኑ ነው፣ መጣብን። በቆርቆሮ ፓምፕ በየአንገታችን ሥርና በየብብታችን ዲዲቲ እየነፋ ቅማላችንን ሊፈጅ። ተማሪው «ርኩስ ዱቄት ነው» ብሎ በየአጥሩ ዘለለ። ድሬሰሩ ተናድዶ ሲሄድልን እኔ አንድ ቅል አንሥቼ፣ እንደሱ አፍንጫዬን ነፍቼ፣ «ቀጥ በል! ብብት!» እያልሁ ተማሪውን ሁሉ እነፋ ጀመር። ለካስ ሰውዬው ኮፍያውን ረስቶ ተመልሷል፤ ከኋላዬ ቆሟል።

በድንጋጤ ቅሉ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። እሱ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል። «እኛ በመላ ጎንደር ያጣነው ሰው እዚህ ነው እንዴ!» አለ። ከአዲስ አበባ ስለ ቅማልና ስለ ተስቦ ፊልም የሚያነሡ ሰዎች መጥተው ኖሮ፣ መታጠብ እምቢ የሚል ሽማግሌ የሚሆንላቸው ቸግሯቸዋል።

በነጋታው ማንም ሳያየኝ ቀሃ ወንዝ ወረድሁ። የፊልሙ ሰዎች የፍየል ጠጉር ጢም ለጠፉልኝና «በል ሽማግሌ ሁን» አሉኝ። ምን ላድርግ! ገላዬ የሚያውቀው ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ትከሻዬን ይዞ የኖረው። መቋሚያዬን ሁለት ጊዜ መሬት ነካ ነካ አደረግሁ፤ ቀኝ ትከሻዬን አስቀደምሁ፤ አንገቴን ወደ ሰማይ አቀናሁና «እህም!» ብዬ ተራመድሁ። ሳሙና ባሳዩኝ ቁጥር እንደዚያው ሆኜ ሸሸሁ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ማታ የኔታ «ምነው ዛሬ የት ዋልህ?» ሲሉኝ ነው ያደረግሁት የገባኝ። «እንጨት ለቀማ፣ የኔታ» አልሁ። ፊልሙ ባሕር ማዶ ሄዶ ይታጠባል ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ ባሕር ማዶ የሄደ ነገር መቼም አይመለስም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ተመለሰ። ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ የደብሩ አለቃ «ስለ ተስቦ ትምህርት አለ፤ መምህራን ሁሉ እሑድ ከሰዓት ፒያሳ ሲኒማ ቤት ይገኙ» ብለው አስነገሩ።  መኳንንት ወደ እኔ እያየ ከንፈሩን ነከሰ፤ ጢሙን ከአገጬ ላይ በውኃ ሲያላቅቅልኝ ያመሸው እሱ ነበርና ያውቃል።

እሑድ ጠዋት ያጠራቀምሁትን ድርቆሽ ሳልቀምስ ለመኳንንት ሰጠሁት። ለየኔታም «ፀሐዩ ይጠናብዎታል፤ ደግሞ የማያዩትን ነገር ሄደው ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው። ሣቁ። «አንተ እያለህልኝ ምነው አላይም? ትከሻህን አምጣ!»

ሲኒማ ቤቱን ጣሊያን ነው ሠርቶት የሄደው። ከካህናቱ ጋር ከፊት አስቀመጡን፤ ከኋላ የከተማው ሰው ግጥም ብሏል። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት፤ ፊልም የሚያሳየው ማኪና መንቀጫቀጭ ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ ድሬሰሩ ከጎን ቆሞ ነው የሚያስረዳው። ከዚያ እኔ፣ የበር መዝጊያ ያህል እጅ ያለኝ፣ ቤት የማክል ሆኜ ግድግዳው ላይ ብቅ አልሁ። ነካ፣ ነካ፤ ቀኝ ትከሻ፤ አንገት ወደ ሰማይ።

ከኋላ ሣቁ ፈነዳ።  ከፊት ካሉት ካህናት ግን መጀመሪያ አንዱ «ውይ!» አለ። ሌላው ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። 

«ምን አይተው ነው?» አሉኝ የኔታ በጆሮዬ።

«ምንም አይደለም የኔታ፣ ዝም ብሎ ቀልድ ነው። ሳሙና የሚሸሽ ሽማግሌ ነው።»

«ሳሙና መሸሽ ይህን ያህል ያስቃል? እንዴት ነው የሚሸሸው?»

«እ… ወደቀ። ጭቃ ላይ ወደቀ።»

ያኔ ከኋላችን አንድ ድምፅ፣ «ኧረ ቁርጥ የኔታ ላቀውን!» አለ። «እሽሽሽ!» አሉት። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ጠበቀ። በአርባ መቋሚያ መካከል የአንዷን ስሕተት የሚሰማ ጆሮ ይህን አልሰማም ብዬ ራሴን ማታለል አልቻልሁም። የኔታ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ያን እጅ አላነሡም። ቢሰድቡኝ፣ በመቋሚያ ቢሉኝ ስንት ጊዜ በተሻለኝ!

ከፒያሳ ወጥተን ቁልቁል ወረድን። ዝናም ካፊያ ጥሎ አቧራው ይሸታል። እንደ ልማዴ የማየውን ልንገራቸው ብል ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፤ በቃ አፌ ሊጣመም ጀመረ አልሁ። ቀሃ ወንዝ ስንደርስ ቆሙ። ያው የተቀረጽሁበት ቦታ ነው፤ ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ።

«በል ሂድ» አሉኝ።

«የት ልሂድ፣ የኔታ?»

«እንደዚያ ሽማግሌ ሂድ። ትከሻህን ይዤ እከተልሃለሁ።»

 እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ጎብጬ ጥቂት ተራመድሁ።

«ውሸት ነው» አሉ። «ሰዉ የሣቀው በዚህ አይደለም።»

ስለዚህ እውነተኛውን ሄድሁ። ነካ፣ ነካ፤ ቀኝ ትከሻ። እጃቸው ከትከሻዬ ወደ አንገቴ ወጣ፣ ከአንገቴ ወደ አገጬ፤ ወደ ሰማይ የተቀናውን ፊቴን ዳሰሱት። አጣቢዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩናል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይፍቱኝ የኔታ! ይፍቱኝ! አይግዘቱኝ፣ ስለ እመቤታችን!»

«እኔ እንዲህ ነኝ?» አሉ። ቁጣ የለበትም።

«አዎ፣ የኔታ።»

«አንገቴ እንዲህ ይቆማል? ዶሮ ውኃ ስትጠጣ እንደምታደርገው?»

«አዎ።»

ትንሽ ሣቅ አሉ። ዶሮ ትዝ አለቻቸው መሰለኝ፤ ከሰባት ዓመታቸው በፊት ያዩዋት ዶሮ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «በአጠገቡ የማልፈው ሰው ሁሉ ሲያውቀኝ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ የማላውቀኝ። ስትስቅብኝ አልተቀየምሁህም፣ ልጅ ነህ። ግን በጠየቅሁህ ጊዜ ዋሸኸኝ። አንተ እኮ ዓይኔ ነበርህ፣ አድማሱ።»

 አለቀስሁ።

«ስማኝ» አሉ መቋሚያቸውን አንሥተው፤ ዓይኔን ጨፈንሁ። «ከእንግዲህ የሰው አካሄድ ብትወስድ፣ ከሁሉ በፊት ለባለቤቱ ሳታሳይ ለሌላ ብታሳይ ገዝቼሃለሁ!»

በግንቦት መሰከሩልኝ፤ ቃል አላጎደሉብኝም። አባቴም ከዘመድ ጋር መጥተው እልል አስባሉ። ግን ከዚያች እሑድ ማግስት ጀምሮ ማለዳ ከጎጆአችን ደጅ ቆመው የሚጣሩት፣ «መኳንንት! ትከሻህን አምጣ!» እያሉ ነው። እኔ ደበሎዬን አጥልቄ ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥሁ። እስኪመሰከርልኝ ድረስ በነበረው ጊዜ አንዲት ቀን እንኳ እጃቸው አላረፈብኝም። ግዝት እፈራ ነበር፤ የሚያስፈራው ይኼ መሆኑን አላወቅሁም።

ድብ ባሕር ጥቂት ዓመት በመሪጌታነት አገልግዬ፣ ያ የቀሃ ዳር ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ አዲስ አበባ ገባሁ። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት፣ አንድ ሰው አስመስዬ ለሕዝብ ካሳየሁ መጀመሪያ ቤቱ ሄጄ ለራሱ አሳይቻለሁ። አንድ ሥጋ ሻጭ በቢላዋ አባርሮኛል። አንድ ዳኛ አይቶ ሲያበቃ ሚስቱን ጠርቶ «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አላት፤ እሷም «ትብሳለህ» አለችው። ባልደረቦቼ እብድ ይሉኝ ነበር።

እናም ያ ብርቱካን ከወደቀ በኋላ ቤዛዊትን ጠራኋት።

«በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው እኔን ነው የሚያስመስለው፣ አይደል?»

«አባባ… አዎ። አንድ አዲስ ኮሜዲያን ነው። እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«ነይ፣ ትከሻሽን አምጪ። በይ እንደሱ ሂጂ።»

አልፈልግም አለች፤ ለመንኋት። እጄን ትከሻዋ ላይ ጣልሁ፤ ስሄድ እንደ ልጅነቴ እፈራለሁ። የሳሎኑን ወለል ይዛ ተራመደች። የያዘችው በትሬ ሁለት ጊዜ ነካ፣ ነካ አለ። ቀኝ ትከሻዋ ቀደመ። እጄን ወደ አንገቷ፣ ወደ አገጯ አሻገርሁ፤ ፊቷ ወደ ጣራው ቀንቷል።

«እንዲህ ነኝ?»

«አዎ አባባ» አለች ድምፅዋ እየራደ። «ልክ ዶሮ ውኃ ስትጠጣ እንደምታደርገው። ይቅርታ፣ ስለዋሸሁህ ተቀየምኸኝ?»

ስለ የኔታም ሆነ ስለዚያች ዶሮ ለዚች ልጅ አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም።  እጄን ወደ ትከሻዋ መለስሁት፤ አልለቀቅኋትም።