የነካሁት ፈረስ

ዛሬ አሰላ ገበያ ዳር ባለ አናጢ ቤት በኩል ሳልፍ የተላገ ጽድ ሸተተኝና እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ቼዝ ያስተማሩኝ የሰፈራችን አናጢ ጋሽ ከድር ነበሩ። ጠጠሮቹን ከጽድ ቀርጸው ሰጡኝ፤ ደንባቸው አንድ ነው፦ «ጠጠር የነካ ያንኑ ያንቀሳቅሳል።»

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ለልጆች ውድድር ውጭ አገር ሄድኩ። በመጨረሻው ጨዋታ ፈረሴን ነካሁ፤ ባንቀሳቅሰው ንግሥቴን እንደሚያስበላኝ ሲገባኝ ግን እጄን መለስኩ። ተጋጣሚዬ፣ ከእኔ የምታንስ ልጅ፣ ዳኛውን ጠራች። ዳኛው አላየም። «አልነካሁም» አልኩ። አሸነፍኩ፤ እሷ አለቀሰች።

ስመለስ ጋሽ ከድር ሜዳሊያዬን ትተው እጄን ከፍ አድርገው ለደንበኞቻቸው አሳዩ።

«አያችሁ ይቺን እጅ? የነካችውን አትክድም!»

«እርስዎ አስተምረውኝ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

እጄን እስኪለቁት ዛሬም እየጠበቅሁ ነው።