ከጅራት የሚጠረግ ቦይ

ሙሳ ቁጭ ብሎ መምከር የማይሆንለት ሰው ነበር። ሌላው በሮቃው ዛፍ ጥላ ተደላድሎ ነገር ሲያብላላ እሱ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ዱላውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሚስቱ ዘይቱና፣ ጉንዳን የሌለበት መቀመጫ ባገኝለት ምን አለበት እያለች ትተርበዋለች። እሱ ግን ወዶ አይደለም። የውኃ አባት ነው፤ ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ የመንደሩን ማሳ የሚያጠጣውን ቦይ ተራ የሚያወጣ፣ ሲጣሉበት የሚዳኝ፣ ሲደፈን የሚያስጠርግ። ውኃ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ቦይ ሲጠረግ ሥራው ከጅራት፣ ከታችኛው ጫፍ ይጀመራል። ይኸ የአባቶች ሕግ ነው። ውኃው ከሚገባበት ከአፉ ከጀመሩማ፣ ላይኞቹ የየራሳቸውን ጠርገው ውኃው እንደገባላቸው ዶማቸውን ተሸክመው ውልቅ ይላሉ፤ ታች ያለው ድሀ ብቻውን ከደለል ጋር ሲታገል ይውላል። ስለዚህ ሁሉም ወርዶ ከታች ይጀምራል።

ምክር ግን ከአፉ ነበር የሚጀመረው። መጀመሪያ ሁሴን ይናገራል፤ ማሳው ከቦዩ አፍ ላይ ነው፣ ድምፁም ወንዝ ያሻግራል። ቀጥለው ሽማግሌዎች ሁሴን ያለውን አሳምረው ይደግሙታል። ከዚያ ሼህ አብዱረሂም እጃቸውን ለዱዓ ያነሣሉ፤ ሰውም አሚን ይላል። አሚን የተባለበት ነገር ደግሞ አይከፈትም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚለው ቢኖረው እንኳ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ነገሩ ተዘግቷል። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ፤ ዝምታው አልነቀዘም፣ የነቀዘው ሌላ ነው።

ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ተመክሮ እህሉ ኮረብታው ላይ በጉድጓድ ተቀበረ። ወታደሮቹ ባንዳ እየመራቸው በቀጥታ መጥተው አወጡት፤ መሸከም ያልቻሉትን አቃጠሉት። ኋላ ሙሳ እንደሰማው፣ ሐጂራ የምትባለው ባሏ የሞተባት ሴት ያንን ባንዳ ኮረብታው ላይ ሲያንዣብብ አይታው ኖሯል። ለምን አልተናገርሽም ቢላት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ «ዱዓ ተደርጎ ነበር» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱዓ ሲደረግ የሙሳ ዓይን ከኋላ የተቀመጡትን ይፈልጋል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ወሬ ከሮቢት ገበያ መጣ፤ ከጁምዓ በኋላ ወታደሮቹ እህል ሊለቅሙ ይወጣሉ። በመንደሩ የቀረ እህል የዘር ማሽላ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ የሚዘራ የለም፤ የሚዘራ ከሌለ መንደሩ ልጆቹን አዝሎ መሰደዱ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፤ ሙሳ እንደዚያ ሆነ። ከማሳ ማሳ ሲባዝን ውሎ ሮቃው ሥር ሲደርስ ሁሴን ተናግሮ ጨርሷል። እንደ አምናው ኮረብታው ላይ፣ ትንሽ ራቅ አድርጎ ይቀበር ነው ነገሩ። ሽማግሌዎቹ ማሳመር ጀምረዋል።

ሙሳ ትዕግሥቱ አለቀና በሰው መሐል ሐጂራን ጠራት። አንቺስ ምን ትያለሽ አላት። ስንቱ ዓይን ወደ እሷ ዞረ። ሐጂራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ምንም የምለው የለኝ አለች። ሙሳ በራሱ ተናደደ፤ ረዳኋት ብሎ ጭራሽ ዘጋት። ሼሁ እጃቸውን አነሡ። ሰው ሁሉ መዳፉን ሲዘረጋ የሙሳ ዱላ ከእጁ አልወረደም።

«ሼሃችን፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ አሚን አልልም» አለ። «ቦዩ አልተጠረገም። ነገ ጠረጋ ነው፤ ምክሩንም እዚያው እንጨርሰው።»

ሁሴን ይኸ ሰውዬ አበደ አለ። ሼሁ ግን ሙሳን አተኩረው አዩትና እጃቸውን መለሱ።

በማግሥቱ ሁሉም ዶማ ይዞ ወደ ጅራቱ ወረደ። ጅራቱ የሐጂራ ማሳ ነው። ሙሳ ከጎኗ ገብቶ መቆፈር ያዘ፤ ፊቷን አላየም፣ አልጠየቃትም። እንዴት እንደከበደው እሱ ነው የሚያውቀው፤ ምላሱ አፉ ውስጥ እንደታሰረ ጥጃ ይፈራገጣል። ብዙ ከቆፈሩ በኋላ ብቻ፣ ለአፈሩ እንደሚናገር ሆኖ፣ እዚህ እንዲህ የደረቀው ምን ሆኖ ነው አለ።

«እኔ ጋ ውኃ አይደርስም፣ ጋሼ ሙሳ» አለች ሐጂራ ዶማዋን ሳታቆም። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ ደርሶ አያውቅም።»

ሙሳ አፈረ። የውኃ አባት ተብሎ ይኸን አልሰማም። አቀርቅሮ ቆፈረ፤ እሷም ነገሯን ቀጠለች። ለወታደሮቹ ሣር ልትሸጥ ሰፈራቸው ድረስ ስትሄድ ረጃጅም ብረት ሲያዘጋጁ አይታለች፤ መሬቱን እየወጉ ጉድጓድ ሊፈልጉበት ነው። «ኮረብታው ላይ አዲስ የተቆፈረ መሬት ከሩቅ ያስታውቃል» አለች። «እዚህ ግን ዛሬ ያልተቆፈረ የት አለ? ከቦዩ ሥር ይቀበር። ውኃ እንደሆነ አይመጣበት።»

ሙሳ ዶማውን ጥሎ ሊሮጥ ቃጣው፤ ግን ራሱን ገታ። ነገሩን ይዞ በቦዩ ሽቅብ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ከጅራት ወደ አፍ ወጣ። የእያንዳንዱ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ ማንም ማንን አያይም። ከሐጂራ ቀጥላ የምትቆፍረው ፈሪሃ፣ የዘሩ ስልቻ ከታችም ከላይም ጭድ ይደረግበት አለች። ከደብረ ሲና ወርዶ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሰው ከበደ፣ ከመጣ ወዲህ በስብሰባ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ቦዩ ተጠርጓልና ውኃው ወርዶ ዘሩን እንዳያበሰብሰው ከአፉ ይዘጋ አለ። ሁሴን ዘንድ ሲደርስ ምክሩ ሙሉ ነበር።

ከአፉ ይዘጋ ማለት የሁሴን በርበሬ ይድረቅ ማለት ነው። ሁሴን ይኸን ማን አለ ብሎ አፈጠጠ። ጅራቱ ነው ያለው አለ ሙሳ። ሁሴን በርበሬውን አየ፣ ታች ያጎነበሰውን ሰው አየ። «እንጀራ ከሌለ በርበሬ ለምን ይሆነኛል» አለና በገዛ ዶማው ውኃውን ዘጋው። ሼሁ ጭቃ በነካው እጃቸው ዱዓ አደረጉ፤ የሙሳ አሚን ከሁሉ በላይ ተሰማ።

ዘሩ በዚያው ሌሊት ከቦዩ ሥር ገባ፤ ከጁምዓ በኋላም ወታደሮቹ መጡ። ኮረብታውን ወጉ፣ ጓሮውን ወጉ፣ ቦዩን ተሻገሩት እንጂ አልወጉትም። ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አለቃችሁ ማነው አሉ፤ የውኃ አባቱን ሙሳን ከጥቂት ጎልማሶች ጋር አስረው፣ ከደብረ ሲና በታች ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ ሊያስፈልጡት ወሰዱት። ድንጋዩ አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው፣ አሁን ጅራቱን ማን ይጠይቃል የሚለው ነበር። ሁሴን ምክሩን ወደ አፉ መልሶት ይሆናል እያለ ሲብሰለሰል ከረመ።

በለቀቁት ጊዜ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ የሐጂራም ማሳ አረንጓዴ ነው። ሮቃው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሙሳ ሳይታይ ከኋላ ቆመ። ሼሁ እጃቸውን አላነሡም።

«ጅራቱ ተናግሯል?» አሉ።

ሙሳ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ አየ። መልስ የሚሰጥ የለም ብሎ ፈራ። ከሴቶቹ በኩል ሐጂራ ልትናገር ዞር ስትል አየችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ አልሳበችም።

«ጋሼ ሙሳ፣ ዛሬ ጅራቱ ላይ የቆሙት አንቱ ነዎት» አለች። «ይጀምሩ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሙሳ ዱላውን መሬት ላይ አኖረና ተቀመጠ። አፉን ከፈተ፤ እንባ ቀደመው። ማንም አልቸኮለበትም።