ልጆቹ ዘይነባን የመረጡባት ቅዳሜ

ከኒው ዌስት መነሻ

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ክዳኑ ላይ ወረቀት ማስገቢያ የተቀደደለት የፕላስቲክ ሳጥን አቅፌ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር ካለው ቤቴ ወጣሁ። የጉዞዬ ዓላማ ድምፅ መልቀም ነበር። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ መረዳጃ ማኅበር አለን። ሰው ሲሞት እንቀብራለን፣ ሲያገባ እናደምቃለን፣ አዲስ መጪ ሲመጣ ከመንግሥት የሚላክለትን ደብዳቤ እናነብለታለን። ፕሬዚዳንቱን በየሦስት ዓመቱ እንመርጣለን። እንመርጣለን ልበል እንጂ፣ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት እጃችንን ያወጣነው ለአንድ ሰው ነው፤ ለጓደኛዬ ለግርማ። ዘንድሮ ሌላ ተወዳዳሪ ተነሣ። ስለዚህ ሳጥን አስፈለገ፣ ሳጥኑን በሦስቱ ከተሞች የሚያዞር ሰውም አስፈለገ። «ታደሰ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ መንገድ አይጠፋበትም» ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

ተወዳዳሪዋ ዘይነባ ትባላለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዴን ሃግ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ትኖራለች፤ ሥራዋ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ኮሚቴ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። ያወቅናት በአንድ ስብሰባ ላይ ከኋላ ቆማ ስትናገር ነው፦ ስብሰባው ለልጆቹ በደች ይተርጎም፤ አዳራሹ ከሠርግና ከልቅሶ ሌላ የቤት ሥራ መሥሪያም ይሁን፤ ሴቶች ከወጥ ቤት ወጥተው መድረኩ ላይ ይቀመጡ፤ ገናን አብረን እንደምናከብር ኢድንም አብረን እናክብር። ትልልቆቹ ፈገግ አልን። የነበሩት ሁለት ሦስት ልጆች አጨበጨቡ። በሳምንቱ ፎቶዋ በየስልካቸው ላይ ነበር። ከነዚያ ልጆች አንዷ የራሴ ልጅ ሶስና ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሮተርዳም ትማራለች።

የእኔ ድምፅ የማን እንደነበር አልደብቅም። የግርማ ነው። እዚህ አገር ስገባ ጥር ነበር፤ በስስ ሸሚዝ ስንቀጠቀጥ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰኝ እሱ ነው።

ከሌሊላን ጣቢያ ሃምሳ ቁጥር ሜትሮ ተሳፈርኩ። ሌላ ሰው ሲነዳ መቀመጥ አልለመድኩም፤ ሳላስበው እግሬ ፍሬን ይረግጣል። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሳጥኑን አየችና ቦታ እንዲበቃው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

ቢልመር

ወይዘሮ እልፍነሽ ጣቢያው በር ላይ ጠበቁኝ። ሁለተኛዋ የምርጫ ኮሚቴ አባል እሳቸው ናቸው። በዚህ የአምስተርዳም ሰፈር፣ በቢልመር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ በሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ቆይተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በአንድ እጃቸው የመራጮች ዝርዝር፣ በሌላው አንድ ቦርሳ ሙሉ ሳምቡሳ ይዘዋል።

«ማንን ነው የሚመርጡት እትዬ እልፍነሽ?» አልኳቸው እየሄድን።

«ሳጥኑን ጠይቀው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው እሳቸው በሚያመልኩባት ትንሽ የወንጌላውያን ጉባኤ አዳራሽ ነው። ሳጥኑን ገልብጠን ባዶነቱን ለሰው አሳየን፤ ክዳኑን በፕላስተር አሸግን፤ ሁለታችንም ፕላስተሩ ላይ ፈረምን። ሰው በሰልፍ ገባ። ሁሉም በሥርዓት ሄደ፣ ከአንድ ነገር በቀር።

ወይዘሮ ብርቱካን ሦስት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ሦስቱም ለአቅመ ምርጫ የደረሱ ናቸው። እናትየው ድምፅ ሰጥተው ሲጨርሱ ልጆቹ ወረቀት ጠየቁኝ።

«ቤተሰብ አንድ ድምፅ ነው። እናታችሁ መርጣለች» አልኳቸው።

ታላቁ ልጅ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እናቱን አየና ወደ በሩ ዞረ። ተከታትለው ወጡ። ልማዱ ይኸው ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ስጽፈው ግን አፍራለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከጣቢያው አጠገብ ሱሪናሞች ሮቲ የሚሉትን በወጥ የሚበላ ቂጣቸውን የሚሸጡበት ቤት ሸተተኝ። አንዱ ሳህን አሥር ዩሮ ግድም ነው። ወይዘሮ እልፍነሽ ክንዴን ያዙና ወደ ባቡሩ ጎተቱኝ። «እኔ ሳምቡሳ ይዤ ገንዘብህን ለሮቲ?»

ወደ ሮተርዳም

ኡትሬክት ላይ ባቡር ቀየርን። ከዚያ በኋላ መስኮቱን የሞላው ጠፍጣፋ አረንጓዴ መስክ ነው። ቀጥ ብለው የተቆፈሩ ቦዮች፣ ከውሃው ዳር የተኙ ጥቁርና ነጭ ላሞች፣ አልፎ አልፎ እንደተረሳ አሻንጉሊት የቆመ የነፋስ ወፍጮ። የጉዞ ካርድ ልታይ የመጣችው የባቡር ሠራተኛ ሳጥኑን በጥርጣሬ አየችው።

«ምን አለበት?»

«የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው» አልኳት በደች።

«ታድላችሁ!» አለች እየሳቀች። «እኛ ያለን ንጉሥ ነው፤ ማንም አልጠየቀንም።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ሳምቡሳ ሰጧት። ቆማ በላች፤ የካርዳችንን ነገር ረስታ ሄደች።

ሮተርዳም ውስጥ የምንመርጥበት የሰፈር አዳራሽ ከወንዙ ማዶ፣ በደቡቡ ክፍል ነው። ከሜትሮው ወጥተን ጥግ ስንታጠፍ ቆም አልኩ። በበሩ ላይ ሃያ ምናምን ወጣቶች ቆመዋል። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሦስት በላይ ወጣት አይቼ አላውቅም። አንዳንዶቹን ታቅፌ አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ከእኔ ይረዝማሉ። ከፊት ሶስና ቆማለች።

«አባ፣ ልንመርጥ ነው የመጣነው» አለችኝ።

«ሶስናዬ፣ ልማዱን ታውቂዋለሽ። ቤተሰብ አንድ ድምፅ ነው።»

«ልማዱን አውቀዋለሁ። ደንቡን ግን አንብበኸዋል?» ስልኳን ሰጠችኝ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ፎቶ አንስታዋለች። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ እሷ አማርኛ ስታነብ በጣቷ እየተከተለች ነው። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ዕድሜው... አሥራ ስምንት ዓመት... የሞላው የአባል ልጅ... ራሱን የቻለ ድምፅ አለው።»

እሷም የደች ቃል ጨመረችበት፦ «አባ፣ ብትመልሰን ኤርለክ አይደለህም።» ሐቀኛ አይደለህም ማለቷ ነው። ልጄ ሐቀኛ አይደለህም ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለግርማ ደወልኩለት። ዴን ሃግ ላይ ከሰዎች ጋር እየጠበቀን ነበር። የሆነውን ነገርኩት።

«ታዴ፣ መሀል ምርጫ ላይ ልማድ አይቀየርም። በልማዱ ጨርሱና ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።»

«ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ ግርማ። የጻፍከው ደግሞ አንተ ነህ። የእጅ ጽሑፍህን አውቀዋለሁ።»

ቀስ ብሎ፣ «ያኔ እኮ ልጆቹ ሕፃናት ነበሩ» አለ።

«አድገዋል» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው። ምን እንደማደርግ አውቄዋለሁ፤ ግርማን እንደማጣው ደግሞ ተሰምቶኛል። ወይዘሮ እልፍነሽን አየኋቸው።

«የተጻፈ ነገር ይነበባል፣ የተነበበ ይፈጸማል» አሉ፤ ወረቀቱን ማደል ጀመሩ። አንድ በአንድ ገቡ። አንዱ ጎረምሳ የመረጠውን ሰው ስም በአማርኛ ለመጻፍ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በላቲን ጻፈው። አንዷ ወረቀቷን ሳጥኑ ውስጥ ስትከት ፎቶ አነሣች። ሶስና የመጨረሻዋ ነበረች። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ።

እኔ ግን የቢልመሮቹ ትዝ አሉኝ። «እትዬ እልፍነሽ፣ የብርቱካንን ልጆች ምን ላድርጋቸው?»

እሳቸው ቀድመውኝ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። «ብርቱካን፣ ልጆቹን ዴን ሃግ ላኪያቸው። አዎ፣ አሁን። ታደሰ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል።»

ዴን ሃግ

ሮተርዳምና ዴን ሃግ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ወርደን በእግራችን ወደ ስኪልደርስዋይክ ገባን። ገበያው እየተበተነ ነው። ነጋዴዎቹ የቀራቸውን ማንጎ አንድ ሳጥን በሁለት ዩሮ እየጮሁ ይሸጣሉ፤ መንገዱ ላይ የጎመን ቅጠል ተረግጧል። ዳቦ ቤቶቹ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ በየፎቁ በረንዳ የተሰጣው ልብስ፤ የዘይነባ ሰፈር ይህ ነው።

እሷን በአዳራሹ በር ላይ አገኘናት። ከሥራ ቀጥታ ስለመጣች ነጠላ ጫማዋን በቦርሳ ይዛ፣ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች ነው። ሳጥኑን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋችና ትዝ ሲላት መለሰችው።

«ተወዳዳሪ ሳጥን አይነካም፣ አይደል?» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ግርማ ከውስጥ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ሰጠኝ፤ እጁ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ምርጫው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የብርቱካን ሦስት ልጆች እየሮጡ ገቡ። ከትራም ወርደው ሮጠዋል፤ ትንሿ ጎኗን ይዛ ታለከልካለች። በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ታላቁ ልጅ፣ «ምንም አይደል፣ ግን ወረቀቱን ስጠኝ» አለኝ። «አንተ» ማለቱን ያን ቀን አላስተዋልኩም፤ ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

ሳጥኑን በሰው ፊት ከፈትነው። እኔ አነበብኩ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ሰሌዳው ላይ ጭረት አሰመሩ። ግማሽ ድረስ ግርማ ይመራ ነበር። ከዚያ የሮተርዳም ወረቀቶች መጡ። የልጆቹ ጽሕፈት ይታወቃል፤ አንዷ ከዘይነባ ስም አጠገብ ልብ ስለሳለችበት ይቆጠራል አይቆጠርም ብለን ተከራከርን። ተቆጠረ። ዘይነባ በአሥራ አንድ ድምፅ አሸነፈች።

ልጆቹ ጮኹ፣ ተቃቀፉ፣ ወንበር ላይ ወጡ። ዘይነባ በመካከላቸው አልፋ ግርማ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ግርማ፣ የሚመጣው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ስብሰባ እጠራለሁ። እርስዎ ባይኖሩ አልችልበትም። ሥራውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» አላት። እጇን ጨበጠ። ጃኬቱን አነሣና ወጣ።

መልስ

ወይዘሮ እልፍነሽ ከወጣቶቹ ጋር ሊያመሹ ቀሩ። ግርማን ባቡር መጠበቂያው ላይ ደረስኩበት። ሁለታችንም የኒው ዌስት ሰዎች ነን፤ ባቡሩ አንድ ነው፣ መሸሻ የለም። ፊት ለፊት ተቀመጥን። ላይደን ወርደን ሌላ ባቡር ያዝን።

«የብርቱካንን ልጆች አንተ ነህ የጠራሃቸው?» አለኝ።

«እትዬ እልፍነሽ ናቸው። እኔማ ጠዋት የመለስኳቸው ነኝ።»

«ለምን መለስካቸው?»

«በልማድ ነዋ። በአንተ ልማድ።»

ሳያስበው ሳቀ። መስኮቱን እያየ፣ «ያን አንቀጽ የጻፍኩ ለት» አለ፣ «አንድ ቀን እነዚህ ልጆች በሩን ሞልተው ሲመጡ ይታየኝ ነበር። ሲመጡ በእኔ ላይ እንደሚመጡ ግን አልታየኝም።»

«እኔ የመረጥኩት አንተን ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከቤትህ ግን ሁለት ድምፅ ወጣ።»

ሌሊላን ስንወርድ ሰማዩ ገና ብርሃን ነበር፤ በሰኔ እዚህ አገር ፀሐይ ለመግባት ትለግማለች። በእግራችን ወደ ሰፈራችን ሄድን። እየሄድን የዋልኩበትን አሰላሰልኩ። ልጆቻችን አማርኛው እየተሰባበረባቸው፣ ትልቅ ሰውን «አንተ» እያሉ፣ ከእኛ እየራቁ የሄዱ ይመስለኝ ነበር። በቤቴ ያሳደግኳትን ልጄን እንኳ እንዲያ አድርጌ ነበር የማያት። ያን ቀን ግን ከከተማ ከተማ በባቡር እየተሯሯጡ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንድናስገባቸው። ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ ስነዳ እየሮጠ ለመጣ ሰው በር ዘግቼ አላውቅም። ለእነሱ ግን ዘግቼባቸው ኖሬያለሁ።

የግርማ ፎቅ በር ላይ ደረስን። ቁልፉን አወጣ፤ ግን አልከፈተም።

«ስብሰባው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው ያለችው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«እንግዲያው በጊዜ እንሂድ» አለ። «ወንበር አይበቃም።»