ስልሳ አንድ ከመቶ

የልጅ ልጄ የመመረቂያ ሥራዋ የቆዳ በሽታን ከፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ነበር። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል፤ ከአናቱ እንደ ርዕስ ሆኖ የበሽታው ስምና ከመቶ ስንት እንዳገኘ ይጻፋል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ያን ያህሉን ግን አነባለሁ።

የልጅ ልጄ መሞከሪያ ስትፈልግ ግቢያችን ተከራይታ የምትኖረው ጎረቤቴ እጇን ሰጠች። በግራ እጇ ጀርባ ላይ ነጣ ያለ ነገር ከወጣ ቆይቷል። በእሱ የተነሳ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ለይተዋታል። ጠላው ሲቀዳ ብርጭቆ እየተለቀለቀ ከአንዷ ወደ አንዷ ይዞራል፤ ለእሷ ግን የላስቲክ ኩባያ ይቀርባል። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ለራሷ ብለን ነው» ተባልኩ።

ርዕሱ «ጭርት፣ 61%» አለ።

ጎረቤቴ ፎቶውን ወደ ስልኳ አስላከችና ማኅበር ላይ ለሁሉም አሳየች። ባለመነጽሯ ሴትዮ አስጠግታ አየችው።

«ካምሳ በላይ ካመጣችማ አልፋለች» አለች።

«የኔ ልጅ ይህን ያመጣ ዕለት በግ አርዳለሁ» አለች ሌላዋ። ተሳቀ። የዚያን ቀን ጎረቤቴ በብርጭቆ ጠጣች።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ስልሳ አንዱስ እሺ፤ የቀረው የት ገባ?» አልኳት የልጅ ልጄን።

«እማዬ፣ ርዕሱ ይረዝማል። ትልቁን ብቻ ነው የማወጣው።»

«ሁለት ሰው ተካሶ ዳኛው ጉልበተኛውን ብቻ ቢሰማ ፍርድ ይባላል?»

እየተነጫነጨች ሁለት መስመር ጨመረች። ከጭርቱ ሥር «ሥጋ ደዌ፣ 34%» የሚል ወጣ፤ ከዚያ «ሌላ፣ 5%»። መነጫነጯን ተወች።

በነጋታው ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። ያየሁትን ነገርኳትና «ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

«እትዬ፣ ያለፍኩትን ፈተና ሊያስደግሙኝ ነው?»

«ፈተና አይደለም።»

«እዚያ ሆስፒታል በር ላይ ከታየሁ ዕድሜ ልኬን በላስቲክ ኩባያ መጠጣት ነው። ለመሆኑ ማን ይበልጣል፣ ስልሳ አንድ ወይስ ሠላሳ አራት?»

ስልሳ አንድ ይበልጣል። ደግሜ ብወተውታት ሰላምታዋን ነሳችኝ።

ክረምቱ አልፎ አንድ ጠዋት ከደጃፏ ምድጃ ላይ የጋለ ድስት በባዶ እጇ አወረደች። ይዛው ቆማ ልጇን ትቆጣለች። የሚቃጠለው ቆዳዋ ሽታ እኔ ዘንድ ደርሷል፤ ሕመሙ ግን እሷ ዘንድ አልደረሰም። ሮጬ ድስቱን አስጣልኳት። ያኔ እጇን አየችና ተቀመጠች።

ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ይዘን ሄድን። ሐኪሙ ዓይኗን አስጨፍኖ በጥጥ ጣቶቿን ይዳብስ ነበር። እሷ «ገና አልነኩኝም» ትላለች። ሥጋ ደዌ ነበር። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ ሲናገር ሁለታችንም ሰማን። ሁለቱ ጣቶቿ ግን እንደታጠፉ ቀሩ።

የልጅ ልጄ ያን ፎቶ ከመመረቂያ ጽሑፏ ጋር አሳተመችው፤ ርዕሱን በቀይ አድርጋ። ቀይ ማለት ማሽኑ ተሳስቷል ማለት ነው አለችኝ። ሦስቱንም መስመር ጻፊ ብያት ጽፋለች።

ማኅበር ላይ የላስቲክ ኩባያው ተመለሰ። ሐኪሙ ያለውን ተነስቼ ተናገርኩ።

«ሐኪሙ እኛ ጋ አይጠጣም» አለች ባለመነጽሯ።

ጎረቤቴ የታጠፉ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ኩባያዋን ከፊቷ አንስቼ እስከ ግማሽ ጠጣሁና መለስኩላት።

በሚቀጥለው ወር ሁለት የላስቲክ ኩባያ ቀረበ።