ለመነጋገር ነው ያለኝ ጎረቤት

ስሙ ሌላ ነው፤ እኛ ግን ጋሼ ቋቋታ እንለዋለን። ስሙን ያወጣንለት በክፋት አይደለም፤ ቢሆንም በትንሽ ክፋት ነው። ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው አንዲት ክፍል መኝታውም የእንጨት ሥራ ቤቱም ናት። ሲወለድ ጀምሮ ስለማይሰማ መዶሻው የሰው ጆሮ እንዴት እንደሚበጥስ አያውቅም። እኔ ደግሞ በዚህኛው ወገን ኮምፒውተሬ ላይ ተጥጄ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ። እሱ ቋ ባደረገ ቁጥር እኔ አንድ ፊደል እስታለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ክፉ ጎረቤት አልነበረም። እንዲያውም ከሁላችንም ይሻል ነበር። ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አይጠፋም። «ያ ጆሮ ሌላ ምን ሥራ አለው ብለሽ ነው» ትላለች ከላይ ፎቅ ያለችው ፀጉር ሠሪ። በሩን ማንኳኳት ትርፉ ድካም ስለሆነ ከውጭ ገመድ አንጠልጥሏል፤ ገመዱን ስትስበው ከውስጥ፣ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ የተሰቀለ ቀይ ጨርቅ ይወዛወዛል። ያኔ ቀና ይልና ሰው መጣልኝ ብሎ ፊቱ ይፈካል። የመጣው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ኧረ ቀስ በል!» ሊለው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው እሱ ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ያንን እሳት ሊጋፈጥ ተዘጋጅቶ መምጣቱ ያስታውቅበታል። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ጎረቤት። ዋይፋይ እባክሽ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ። ለመነጋገር ነው» ይላል።

ለመነጋገር! በምን አፉ? እንዲህ ነው በሆዴ ያልኩት። ፊልም ሊያይበት ነው አልኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ ኳስ ሊያይበት ነው አልኩ። አይሰማ፣ አይናገር፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው? ደግሞም መስመሩ እንደ ልብ አይደለም፤ ለደንበኛ ፋይል በምልክበት ሰዓት ቀጥ ሲልብኝ ደሜ ነው የሚፈላው። የራሱን እንዳያስገባ፣ ለሕንፃችን የተመደበው መስመር አልቋል፣ ተመዝገቡና ጠብቁ ከተባለ ዓመት አልፎታል። እኔ ያለኝን በዚህ ኮሪደር ማንም የለውም፤ ይሄም ደስ ይለኝ ነበር። ምን ይደረግ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ «ይቅርታ፣ መስመሩ የመሥሪያ ቤት ነው፤ ለሰው ማጋራት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤት የለኝም። መሥሪያ ቤቴ ያቺው ወንበሬ ናት።

አነበበው። ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና እሱው ይቅርታ ጠየቀኝ። እንቢ መባል የለመደ ሰው ነገር ቶሎ ይገባዋል።

ለፀጉር ሠሪዋ ስነግራት፣ «መላጣ ሚዶ ሲበደር በይኛ!» አለች። ከልቤ ሳቅኩ።

ከዚያ ዝናቡ በረታና የቤቴ በር አብጦ አልዘጋም አለ። በትከሻዬ ስገፋው ጋሼ ቋቋታ አየኝ። ሥራውን ትቶ መጣና በሩን ነቅሎ፣ በመላጊያ ልጎ፣ መልሶ ገጠመው። ብር ባወጣ እጄን መለሰው። ደግ ሰው ነው ብዬ ማለፍ ማንን ገደለ? እኔ ግን ጉቦ ነው አልኩ። ነገ ዋይፋዩን ይጠይቀኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አለመጠየቁም አናደደኝ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቤት ካደረ ብዙ ነው። ነገሩን ሳወራለት፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነው የሚባለው። ብትሰጪው ምን አለበት?» አለኝ።

«አንተ መኪናህን ንዳ። ቤቱን የምነዳው እኔ ነኝ።»

«ግማሽ ሰዓት እኮ ነው ያለሽ፣ እመቤቴ።»

«ዛሬ ግማሽ ሰዓት፣ ነገ ግማሽ ቀን።»

«እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። በዚሁ አምስት ወር አለፈ።

በአምስተኛው ወር ጽሑፍ ለደንበኛ ላደርስ ወጥቼ በትልቁ ሆቴል አጥር ጥግ ሳልፍ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መሃል ላይ ጋሼ ቋቋታ ቆሟል። ስልኩን በአጥሩ ሁለት ብረቶች መካከል ሰክቶታል። ሆቴሉ ለእንግዶቹ በነፃ የለቀቀው ዋይፋይ እስከ አጥሩ ይደርሳል፤ እሱን ግን እንግዳ ነህ ብሎ የሚያስገባው የለም። ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። የእሷም የእሱም እጅ አያርፍም።

ዝም ያለ ሰው የምንለው ለካ ወሬኛ ነው! ያወራል፣ ያሾፋል፣ ቅንድቡን እየሰቀለ ሰው ያማል። አንገቷን አስግጋ፣ አፍንጫዋን ነፍታ፣ በአሥር ጣቷ ጠረጴዛ የምትደበድብ ሴት እያስመሰለ ነበር። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት በሳቅ ፈረሰች። ያቺ ጠረጴዛ ደብዳቢ እኔ መሆኔ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የሆቴሉ ጥበቃ መጣ። «ዞር በል! አንተን እኮ ነው! ስንቴ ነው የምነግርህ?» ይላል። ለማን ነው የሚነግረው? ትከሻውን ይዞ ሲያዞረው ስልኩ መሬት ወደቀ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ስልኩን አነሳሁና፣ «እንዳትነካው! ጎረቤቴ ነው!» ብዬ ጥበቃው ላይ ጮህኩበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ቤት ተመልሰን ክፍሉ ገብተን ፓስወርዱን በራሴ እጅ ስልኩ ላይ አስገባሁለት። ወረቀት አልነበረውም፤ በአናጢ እርሳሱ ቁራጭ ጣውላ ላይ እየጻፈ ነገረኝ። አንዱ ሲሞላ ሌላ ያነሳል። ሴትዮዋ ታናሽ እህቱ ናት። እሷም ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም፤ የምልክት ቋንቋ የተማሩት ልጅ ሆነው አብረው ነው። ከድንበር ማዶ አግብታ ሄደች፤ ድንበሩ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን ዓይኗ እየጠፋ ነው። ዳር ዳሩ ይጨልምና መሃሉ ብቻ ይቀራል፤ በቧንቧ አጮልቆ እንደማየት ነው አለኝ፣ ቧንቧው ደግሞ አሁን አሁን በየሳምንቱ ይጠባል። ሐኪሙ፣ ዓይኗ ይሄን ዓመት አይጨርስም ብሏታል።

«እዚህ አገር በምልክት የምታወራው ሌላ ሰው የለህም?» ብዬ ጻፍኩለት።

«የለም። እኔን የሚሰማኝ የእሷ ዓይን ብቻ ነው።»

«ዓይኗ ከጠፋ በኋላስ?»

«እጅ ለእጅ እየተዳሰሱ ማውራት ይቻላል» ብሎ ጻፈ። ቀሪውን እኔው ጨረስኩት፤ እጅ በዋይፋይ አይሄድም።

በእሱ ተናደድኩ። የራስ ጥፋት ሲከብድ ወደ ሰው ማሻገር ይቀላል። «ታዲያ ያኔ ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርከኝም?» ብዬ እርሳሱን ተጭኜ ጻፍኩ። ጣውላውን ተቀበለኝና ከሥሩ፣ «ነግሬሻለሁ። ለመነጋገር ነው ብዬ» አለኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ ያወሩ ነበር። እጁ ጎልቶ እንዲታያት ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ወጠረ። የጠረጴዛ መብራቴን ወስጄ ሰጠሁት፤ የባለቤቴንም ባትሪ ጨመርኩ። ስልኩን ከእሷ በኩል የሚያቆምላት ባሏ ነው፤ አቁሞላት ወደ ሥራው ይሄዳል። ሰውዬው ይሰማል፣ ከምልክት ቋንቋ የሚያውቀው ግን ብዪ፣ ተኚ፣ ነይ ማለትን ብቻ ነው።

እኔም አንዳንድ ቀን ሥራዬን ትቼ እንጨቶቹ ላይ እቀመጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ጎትቶ ስልኩ ፊት አቆመኝ። እህትየው ልታየኝ ፈለገች። መጀመሪያ አፍንጫዬን አገኘች፣ ከዚያ አፌን፣ ከዚያ አንድ ዓይኔን፤ ፊቴን በቁራጭ በቁራጭ ለቀመችው። ሁለት ጡጫዋን ጎን ለጎን አጋጠመች። ጎረቤት ማለት ነው። ከዚያ ሁለት መዳፏን እንደ በር ገጥማ፣ ጣቷን እየነቀነቀች ቀለደችብኝ። የዘጋችው ጎረቤት ማለቷ ነበር። ለካ አምስት ወር ሙሉ በዚህ ስም ነው የምታውቀኝ። እየሳቀች ስለነበር እኔም ሳቅኩ።

መጀመሪያ ከወገቡ በላይ ይታያት ነበርና ራቅ ብሎ ቆሞ ያወራ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ እጆቹ አብረው አይታዩኝም አለች። እጁን እየሰበሰበ፣ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ደረቱ ላይ ብቻ ያወራት ጀመር። ቀጥሎ አንድ እጅ ብቻ ቀረ። ቀልዱም ሐሜቱም ቀረና በጣቶቹ ፊደል በፊደል እየሠራ፣ እሷ እየለቀመች፣ «ደህና ነሽ?» ለማለት ደቂቃ ይፈጅባቸው ገባ። እኔ ፊደል እየለቀምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ የፊደል ችግር ግን አላየሁም። አምስት ወር ቀደም ብዬ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጊዜ ጥበቃ ሳያባርረው በሙሉ ሰውነታቸው ያወሩበት ነበር። ይህን ማንም አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሃያ ቀን አልሞላቸውም። በመጨረሻው ጠዋት መስመሩ እንደዚያ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም፤ የሹራቧ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። እሱ እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጣት። እሷ ግን ከእሱ ትንሽ ወደ ጎን ታያለች። መብራቱን አስጠጋ። ባትሪውን አበራሁ። ጣቶቹን ስልኩን ሊነኩ እስኪደርሱ ድረስ አቀረበ። ታያለች፣ ታያለች፣ ምንም። ጠብቃ ጠብቃ እጆቿን አነሳችና ማውራት ጀመረች። ካወራችው ሁለቱን አወቅኳቸው፤ ሁለት ጡጫ ጎን ለጎን፣ ከዚያ እንደ በር የተገጠሙ መዳፎች።

«ምን አለች?» አልኩት በዓይኔ። ፊቱን አዞረብኝ። ጣውላና እርሳስ እጁ ላይ አደረግኩለት። አልጽፍም አለ። ክንዱን ይዤ ለመንኩት። «ምን ሆነህ ነው? ጎረቤትህ ዘጋችብህ? ትላለች» ብሎ ጻፈ። የጠፋው ዓይኗ ሳይሆን መስመሩ መስሏታል።

እሱን ገፍቼ ስልኩ ፊት ቆምኩ። ጡጫዬን አጋጠምኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ መዳፎቼን እንደ በር ብርግድ አድርጌ ከፈትኩ። እኔ ነኝ፣ ከፍቼዋለሁ፣ ከፍቼዋለሁ። እንደ እብድ ደጋገምኩት። በድምፄም ጮህኩ፤ በዚያች ክፍልና በዚያ ስልክ ውስጥ ካለነው ሦስት ሰዎች የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ ቋቋታ ከኋላዬ መጣና ሁለት እጄን ያዘኝ፤ በቃ፣ እንደማለት።

እሷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱት፣ ሌላ ነገር በእጆቿ አለች። አሁን ሳልለምነው ጻፈልኝ፦ «አትቀየማት። ነገ ትከፍትልህ ይሆናል።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ ግድግዳውን እያየች መጠበቅ ጀመረች።